ከጥፋተኛው በፊት ጉድለቱን፤ ስለ ኤሌክትሪክ ሞተርና ስለ ልጓሙ አጭር ታሪክ



ለዚህ ለትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ በዓል መጽሔት የታሪክ ጽሑፍ እንድናቀርብ በታዘዝን ጊዜ፥ ስለ ነገሥታት ወይም ስለ ጦርነት እንደምንጽፍ የጠበቁ ብዙዎች ነበሩ። እኛ ግን የመረጥነው ከአንድ ክንድ የማትበልጥ የአሻንጉሊት መኪና ነው። ነገሩ በመጀመሪያ ሲሰሙት የሚያስቅ ይመስላል። ነገር ግን ትንሿ መኪና ከቆመችበት ቀን ጀምሮ እንደ ገና እስከ ሮጠችበት ቀን ድረስ በመካከላችን የሆነውን ስታነቡ፥ የሚያስቅ ብቻ እንዳልሆነ ትረዱታላችሁ።

መኪናዪቱ ወደ ሳይንስ ክበባችን የመጣችው ከዚሁ ትምህርት ቤት ተምሮ ወደ ውጭ አገር ከሄደ ወንድማችን በስጦታ ነው። በሬዲዮ ሞገድ ከሩቅ የምትታዘዝ ስትሆን፥ ክዳኗ ሲነሣ አራት ዋና ዋና ነገሮች ይታያሉ። አንደኛው ባትሪ ነው። ሁለተኛው የኋላ ጎማዎቿን የሚያሽከረክረው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ሦስተኛው በእጅ ከሚያዘው ሪሞት ትእዛዝ የሚቀበለው የሬዲዮ ተቀባይ ነው። አራተኛው በባትሪውና በሞተሩ መካከል ተቀምጦ፥ ወደ ሞተሩ ምን ያህል ኀይል እንዲያልፍ የሚወስነው የፍጥነት መቈጣጠሪያ ነው። ይህን የመጨረሻውን በክበባችን «ልጓም» ብለን ሰይመነዋል፤ ሞተሩ ፈረስ ከሆነ ፈረሱን የሚገታው እርሱ ነውና።

የበዓሉ ዝግጅት በተጀመረ ሰሞን፥ መኪናዪቱ በወላጆች ፊት እንድትሮጥ ስናለማምዳት በድንገት እንቢ አለች። ሪሞቱ ሲነካ የፊት ጎማዎቿ ወደ ቀኝና ወደ ግራ በደንብ ይታጠፋሉ። ሂጂ ስትባል ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ትንፈራገጥና ቀጥ ትላለች። በዚያች ሰዓት ሪሞቱን ይዞ የነበረው አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረ። አባቱ ብረት እየቀጠቀጡ ማረሻና ማጭድ የሚሠሩ፥ አርብ አርብም በከተማችን ገበያ የሚሸጡ ሰው ናቸው።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን መጻፍ ያሳፍረናል። ቢሆንም ታሪክ የሚጽፍ ሰው ያማረውን ብቻ መርጦ መጻፍ አይገባውም። ከተማሪዎቹ አንዱ «ዐይኑ ነው የያዛት» አለ። ሌላው ሳቀ። ሦስተኛው «ድሮስ የቀጥቃጭ ልጅ ነክቶት!» አለ። እኛ የክበቡ መሪዎች የሆንነው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ይህን ቃል አልተናገርንም፤ ነገር ግን ዝም አልን። በማግስቱ ልጁ ወደ ክበቡ አልመጣም። በሳምንቱ ወደ ክፍልም ሳይመጣ ቀረ። በአባቱ ዘንድ ወናፍ እየነፋ ነው ተባለ።

«ማን አበላሻት?» ለሚለው ጥያቄ እንዲህ በአንድ ደቂቃ መልስ ተሰጠው። «ምኗ ተበላሸ?» የሚለው ግን ሁለት ሳምንት ፈጀብን። ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ለመመለስ ስንል ሞተር ምን እንደሆነና ከየት እንደ መጣ ከመጻሕፍትና ከፊዚክስ መምህራችን መማር ነበረብን። እነሆ የተማርነውን አስቀድመን እንተርካለን። የውጭ አገሩ ታሪክ ዘመን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፥ የአገራችን ግን እንደ ራሳችን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይገንዘብልን።

በ1820 የዴንማርኩ ሊቅ ሃንስ ክርስቲያን ኤርስቴድ፥ ኤሌክትሪክ በሚያልፍበት ሽቦ አጠገብ የተቀመጠ የኮምፓስ መርፌ ከቦታው ዘወር ሲል አየ። ከዚያ በፊት ኤሌክትሪክና ማግኔት የማይተዋወቁ ሁለት ነገሮች ይመስሉ ነበር። በተከታዩ ዓመት እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ የአንድ ሽቦ ጫፍ በሜርኩሪ ውስጥ ነክሮ ኤሌክትሪክ ቢልክበት፥ ሽቦው በማግኔት ዙሪያ ያለ ማቋረጥ ዞረ። ያ ሽቦ ምንም ዕቃ አልጎተተም፤ ውሃም አልቀዳም። ነገር ግን ዛሬ በዓለም ላይ የሚዞረው የኤሌክትሪክ ሞተር ሁሉ የዘር ሐረጉ ወደ እርሱ ይደርሳል።

ፋራዴይ የማን ልጅ ነበረ? የብረት ቀጥቃጭ ልጅ ነበረ። ቤተሰቡ ድኻ ስለ ነበረ በ14 ዓመቱ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ገብቶ 7 ዓመት ሙያ ሲማር፥ ለጥረዛ የመጡትን መጻሕፍት እያነበበ ራሱን አስተማረ።

ቀጥሎ የመጣው ዊልያም ስተርጅን የተባለው እንግሊዛዊ ነው። እርሱም በልጅነቱ ጫማ ሰፊ ዘንድ የተቀጠረ ነበረ። በ1825 በብረት ላይ ሽቦ ጠምጥሞ፥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ብቻ የሚስብ ማግኔት ሠራ። በ1832 ደግሞ ሥራ የሚሠራ ሞተር አሳየ። የዚህ ሞተር ምስጢር ምንድን ነው? የተጠመጠመው ሽቦ ወደ ማግኔቱ ተስቦ ከደረሰ በኋላ እዚያው ተጣብቆ መቅረቱ የማይቀር ነው። እንዳይቀር በየግማሽ ዙሩ የኤሌክትሪኩ አቅጣጫ መገልበጥ አለበት። ይህን የሚያደርገው በሞተሩ ዘንግ ላይ ያለ የተከፋፈለ የመዳብ ቀለበት ሲሆን፥ ኮሚውቴተር ይባላል። በቀለበቱ ላይ የሚታከኩትን ሁለት ጥቋቁር ቍራጮች የእኛ አገር መካኒኮች ካርቦን ይሏቸዋል። የትንሿን መኪና ሞተር በፈታነው ጊዜ ያው የ1832ቱ ቀለበት ከነካርቦኑ በውስጡ ተቀምጦ አገኘነው።

በኤሌክትሪክ የምትሄድ ትንሽ መኪና ለሰው ካሳዩት ቀደምት ሰዎች አንዱ ደግሞ በአሜሪካ አገር በቨርሞንት ግዛት የሚኖር ቶማስ ዴቨንፖርት የሚባል ሰው ነው። የኮሌጅ ደጃፍ አልረገጠም፤ ሙያው ብረት መቀጥቀጥ ነበረ። በ1833 በአንድ የብረት ማዕድን ሥራ ቦታ ኤሌክትሪካዊ ማግኔት አይቶ ልቡ ተነካ፤ ማግኔቱንም ገዝቶ እንዴት እንደ ተሠራ ለማወቅ ፈታታው። ሽቦዎቹ እርስ በርሳቸው እንዳይነካኩ የሚጠቀለሉበት ሐር ባስፈለገ ጊዜ፥ ሚስቱ ኤሚሊ የሐር ቀሚሷን ቀድዳ እንደ ሰጠችው ይተረካል። በ1835 በክብ ሐዲድ ላይ የምትዞር ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና አሳየ። በ1837ም ለሞተሩ የፈጠራ መብት ከአሜሪካ መንግሥት ተቀበለ። ይሁን እንጂ የዚያን ጊዜ ባትሪ እጅግ ውድ ስለ ነበረ ሞተሩ ገበያ አላገኘም፤ ዴቨንፖርትም በ1851 ሀብት ሳያገኝ ሞተ። ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው መኪና ራሱ በግልባጩ ሞተር ሊሆን እንደሚችል ለዓለም በግልጥ የታየው በ1873 በቪየና ኤግዚቢሽን ላይ ነው። ያን መኪና የሠራው የቤልጅጉ ተወላጅ ዜኖብ ግራምም አናጢ ነበረ።

እንግዲህ ፈረሱ ተገኘ። ልጓሙስ?

ሞተር ከባትሪ ጋር በቀጥታ ሲገናኝ የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ መቆም ወይም ባለ ኀይሉ ሁሉ መሮጥ። በ1888 ፍራንክ ስፕሬግ በአሜሪካ በሪችመንድ ከተማ የኤሌክትሪክ ትራም ባስጀመረበት ዘመን፥ ነጂው ፍጥነቱን የሚመጥነው የኤሌክትሪኩን መንገድ በሚያጠብ ብረት እየከለከለ ነበረ። ይህ ዘዴ ይሠራል፤ ነገር ግን ያባክናል። የተከለከለው ኀይል ሥራ ሳይሠራ ትኵሳት ሆኖ ይጠፋልና። የጃፓኑ ታሚያ ኩባንያ በ1976 በሬዲዮ የምትታዘዝ የኤሌክትሪክ መኪና ለገበያ ባቀረበ ጊዜም የእነዚህ አሻንጉሊቶች ልጓም ይኸው በትኵሳት የሚያባክነው ነበረ።

ለውጡ የመጣው በትራንዚስተር ነው። ትራንዚስተር በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ በ1947 ተፈጠረ። በ1959 ደግሞ በዚያው ላቦራቶሪ ሞስፌት የሚባለውን ዐይነት ሁለት የውጭ አገር ተወላጆች ሠሩ። አንደኛው በኮሪያ የተወለደው ዳዎን ካንግ ሲሆን፥ ሁለተኛው የዐባይ ውሃችን በሚደርስበት በግብፅ አገር በፖርት ሰይድ የተወለደው ሙሐመድ አታላ ነው። በትንሿ መኪና ልጓም ውስጥ ያሉት እነዚህ ናቸው። ሥራቸውም የኤሌክትሪኩን መንገድ ማጥበብ ሳይሆን፥ በሰከንድ ከ1000 ጊዜ በላይ መክፈትና መዝጋት ነው። ግማሹን ጊዜ ከፍተው ግማሹን ከዘጉ፥ ሞተሩ የኀይሉን ግማሽ ያገኘ ያህል ይሄዳል። ይህን ለመረዳት ያስቸገረው ሰው ወደ ብረት ሠሪ ቤት ሄዶ ወናፉን ይመልከት። ወናፍ የሚነፋ ሰው ነፋሱን እየቈራረጠ ይልካል፤ ፍሙ ግን ሳይቈራረጥ ይግላል። ሞተሩም እንደ ፍሙ ነው፤ ምቱ ስለሚፈጥንበት መቈራረጡን ሳያውቀው ይዞራል።

ከሩቅ በሬዲዮ ማዘዝን በአደባባይ ያሳየው ኒኮላ ቴስላ ነው። በ1898 በኒው ዮርክ ከተማ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በተደረገው ኤግዚቢሽን፥ በውሃ ገንዳ ውስጥ ትንሽ ጀልባ ያለ ገመድ እያዘዘ ነዳ። በጀልባዋ ውስጥ ባትሪና ሞተር ነበሩ። ከተመልካቾቹ አንዳንዶቹ አስማት ነው አሉ፤ በውስጧ የሠለጠነ ዝንጀሮ ተደብቋል ያሉም እንደ ነበሩ ይነገራል። የማያውቀው ነገር ሲገጥመው ወደ አስማት መሮጥ የእኛ ብቻ ሳይሆን የሰው ሁሉ ጠባይ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። ልዩነቱ ጀልባዪቱን ከፍቶ ለማየት በመፍቀድና ባለመፍቀድ ላይ ነው።

ይህ ሁሉ በውጭ አገር ሲሆን በእኛ አገርስ ምን ይሠራ ነበር? መልሱ ከእኛ ሩቅ አይደለም። በ1850ዎቹ ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ከአውሮፓ የመጡትን የእጅ ባለሙያ ሚሲዮናውያን አስቀምጠው፥ ኢትዮጵያውያን ልጆችንም ሙያ እንዲማሩ አብረው አሰለፉ። መድፍ የማቅለጡ ሥራ በመጀመሪያ ሙከራው አልተሳካም ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ግን እንደ ገና እንዲሞከር አዘዙ። በመጨረሻም በ1859 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለው ወደ 70 ኩንታል የሚመዝን መድፍ ተሠራ።

ከዚያ በኋላ መድፉን ወደ መቅደላ ማድረስ ቀረ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦሩ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በእኛው በጋይንት በኩል ወደ ጨጨሆ አመራ። ፈረሱም ሞተሩም ሰው ነበረ። በብዙ መቶ የሚቈጠሩ ሰዎች ሽቅብ ሲሆን ይስባሉ፤ ቍልቍል ሲሆን ደግሞ እንዳያመልጥ ወደ ኋላ ይይዛሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ መንገድ ይጠርጉ እንደ ነበረ ተጽፏል። መድፉ በመጋቢት መቅደላ ደረሰ፤ እርሳቸውም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እዚያው ሕይወታቸውን አሳለፉ። ሴባስቶፖል ግን ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ አለ። እኛ ከዚህ ታሪክ ያስተዋልነው አንድ ነገር ነው። ለንጉሠ ነገሥቱ ትልቁ ዕቃ የሠራተኛ እጅ ነበረ፤ የአገሬው ሰው ግን ያንኑ እጅ ዐይኑ ይበላል እያለ ይሸሸው ነበር። ኋላም ዐፄ ምኒልክ የእጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በዐዋጅ ከልክለዋል። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እኛ ግን በክበባችን ውስጥ ስድቡን ሰምተን ዝም ብለናል።

ዛሬ የኤሌክትሪክ ሞተር በአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1956 ዓ.ም. በጢስ ዐባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራ ጀመረ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሰው ማመላለስ ያዘ። በ2009 ዓ.ም. ወደ ጅቡቲ የሚወስደው የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከሉ፥ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት በየከተማው እየበዙ ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተመርቋል። የባቡሩም የመኪናውም ልጓም ከትንሿ መኪናችን ልጓም ጋር አንድ ዘር ነው፤ እየከፈተና እየዘጋ የሚመጥን ትራንዚስተር ነው። እነዚህ ሁሉ አንድ ቀን መበላሸታቸው አይቀርም። በተበላሹ ጊዜ የሚያስፈልገን ጥፋተኛ የሚጠቁም ሰው ሳይሆን ጉድለቱን የሚያገኝ ሰው ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ታሪክ እንመለስ።

መኪናዪቱ በቆመች ጊዜ መጀመሪያ ያደረግነው ሳንመረምር መፍረድ ነው። ሞተሩ ተቃጥሏል ብለን ብር አዋጥተን ከባሕር ዳር ሌላ ሞተር አስመጣን። ብዙዎቹ ያዋጡት ለደብተር ከተሰጣቸው ብር ቀንሰው ነው። አዲሱን ሞተር ብንገጥመው እርሱም ሁለት ሦስት ጊዜ ተንፈራግጦ ቆመ። ያን ጊዜ አፍረን ወደ መምህራችን ሄድን። እርሳቸውም «ውሃ ሲጠፋ ቦዩን ከምንጩ ጀምሮ ይከተሉታል እንጂ ከመካከሉ አይቆፍሩም፤ ከባትሪው ጀምሩ» አሉን።

እንደ ታዘዝነው ከምንጩ ጀመርን። ባትሪው 6 ክፍሎች ያሉት ሲሆን ስሙ የ7.2 ቮልት ነው። በደንብ ሞልቶ በቴስተር ሲለካ ከ8 ቮልት ጥቂት ከፍ አለ፤ ስለዚህ ደኅና ነው አልን። የፊት ጎማዎቹ ትእዛዝ ስለሚሰሙ ሪሞቱና የሬዲዮ ተቀባዩም ደኅና ናቸው። ከዚያ አሮጌውን ሞተር አውጥተን፥ በእጅ እንዳያመልጥ በማሰሪያ ይዘን፥ ለአንድ አፍታ ከባትሪው ጋር በቀጥታ ብናገናኘው ያለ ምንም እንከን ዞረ። ያዋጣነው ብር በከንቱ እንደ ሄደ በዚያች ቅጽበት ገባን፤ ሞተሩ ከመጀመሪያውም አልታመመም ነበር። በዚህ ምክንያት «እንግዲያው የተቃጠለው ልጓሙ ነው» አልን። እንደ ገናም ሌላ መዋጮ ለመጠየቅ ተነሣን።

መምህራችን ግን አንድ ጥያቄ ጠየቁን። «በቆመችበት ሰዓት ሪሞቱን ይዞ የነበረው ልጅ ምን አየ? ጠይቃችሁታል?» አሉ። እርስ በርሳችን ተያየን። ማንም አልጠየቀውም። ሁላችንም ስለ እርሱ ተናግረናል፤ ከእርሱ ጋር ግን የተነጋገረ አልነበረም።

በሚቀጥለው አርብ ሦስት ሆነን ወደ ገበያ ወረድን። ልጁ ከአባቱ አጠገብ ማረሻ እየደረደረ ነበር። አባቱን ሰላም ብለን ልጁን በቆመችበት ቀን ያየው ነገር እንዳለ ጠየቅነው። አቀርቅሮ «ከመቆሟ በፊት የላስቲክ ሽታ ሸተተኝ። ሳነሣት ከባትሪው ወደ ልጓሙ በሚሄደው ሽቦ ላይ ስፒናው ዘንድ ጣቴን ፈጀኝ። ልነግራችሁ ነበር» አለ። ለምን ሳይነግረን እንደ ቀረ መጠየቅ አላስፈለገንም።

አባቱ እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው ሲሰሙ ቆይተው «የጋለው መጋጠሚያው ከሆነ ያልተጋባ ነገር አለበት። ብረት ሁለቱም ወገን እኩል ካልጋለ ያያዘ ይመስላል እንጂ አይጋባም» አሉ።

ልጁን ይዘን ተመለስን። በመምህራችን ምክር የኋላ ጎማዎቿን ከመሬት አንሥተን፥ በወፍራም ጨርቅ ጥቂት ገታ አድርገን፥ ሂጂ እያልናት ከስፒናው በፊትና በኋላ ለካን። ከስፒናው በፊት 7.5 ቮልት ሲሆን ከስፒናው በኋላ ግን 4.5 ብቻ ሆነ። ሦስቱ ቮልት በዚያች በአንዲት መጋጠሚያ ላይ ቀርተዋል ማለት ነው። የላስቲክ ሽፋኑን ገፈን ብናይ ብየዳው ደብዝዞ በመካከሉ የፀጉር ያህል ተሰንጥቋል።

ይህን ነገር የሚያስረዳው ሕግ ጌኦርግ ኦም የተባለው የጀርመን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር በ1827 ያወጣው ነው፤ እርሱም የቍልፍ ሠሪ ልጅ ነበረ። ሕጉ እንደሚለው በአንድ መጋጠሚያ ላይ የሚቀረው ቮልት የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ከመጋጠሚያው መሰናክል ጋር ሲባዛ ነው። መኪናዪቱ ቆማ ሳለች የሚያልፍ ኤሌክትሪክ የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ የሚቀርም ቮልት የለም፤ ቴስተሩም ሙሉውን 8 ቮልት ያሳያል። ሞተሩ ሲነሣ ግን 10 አምፔር ያህል ቢስብና የመጋጠሚያው መሰናክል 0.3 ኦም ቢሆን፥ 3 ቮልት እዚያው ይቀራል። በዚያች ነጥብ ላይ 30 ዋት ትኵሳት ይወጣል፤ ይህም የአንድ ትንሽ መበየጃ ኀይል ነው። የልጁን ጣት የፈጀው ይህ ነው። ልጓሙም ቮልቱ ሲወርድ ባትሪው ያለቀ መስሎት ይዘጋል፤ ሲዘጋ ቮልቱ ይመለሳል፤ ሲመለስ እንደ ገና ይከፍታል። መንፈራገጧም ከዚህ የመጣ ነው።

አሁን ከሁሉ የሚከብደውን እንናገር። ያችን ስፒና የበየደው ማን ነበረ? እኛ ነበርን። ባለፈው ዓመት የመጀመሪያው ስፒና ከባትሪያችን ጋር አልገጥም ስላለ፥ ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ ለመጨረስ ቸኩለን፥ መበየጃው በደንብ ሳይግል በየድነው ነበር። እያንዳንዳችን አስታወስነው። የሰውን ዐይን ስንከስ የሰነበትን ሰዎች የራሳችንን እጅ አላየንም።

ልጁ ሽቦውን በጉጠት ይዞ፥ መዳቡ ሁለቱም ወገን በደንብ እስኪግል ድረስ «ገና ነው፥ ገና ነው» እያለ አስጠበቀን። ከዚያ የቀለጠው ብየዳ እንደ ውሃ ወደ ሽቦዎቹ መካከል ገባ፤ ሲበርድም እንደ ብር አበራ። መኪናዪቱ በአሮጌው ሞተሯ የመጫወቻ ሜዳውን ዳር እስከ ዳር ሮጠች። እኛም በክበቡ ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅነው። መምህራችንን እንደ ሽማግሌ ይዘን ወደ አባቱም ቤት ሄድን። አባቱ ብዙ አልተናገሩም። «መኪናዋ ሄደች?» ብለው ጠየቁ። «አዎ፥ ሄደች» አልን። «እንግዲያው ሰኞ ይመጣል» አሉ። ሰኞም መጣ።

ከእኛ በኋላ ለሚመጡት ወንድሞችና እኅቶች ከዚህ ያገኘነውን ምክር እንተውላቸዋለን። የውሃ መሳቢያም ቢሆን፥ ወፍጮም ቢሆን፥ አሻንጉሊትም ቢሆን፥ ሞተር እንቢ ሲል ዕቃ ለመግዛት አትቸኩሉ። ከመክፈታችሁ በፊት ኤሌክትሪኩን ለዩ፤ የግድግዳ ኤሌክትሪክ የሚሠራበትን ሞተር ያለ ባለሙያ አትንኩ። ከባትሪው ጀምራችሁ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ተከተሉ። ሞተሩን ከልጓሙ ለይታችሁ ለየብቻቸው ፈትኑ። ሞተሩ ለብቻውም ካልዞረ ካርቦኖቹ አልቀው ወይም ኮሚውቴተሩ ጠቍሮ እንደሆነ ተመልከቱ። ሞተሩ እየዞረ ጎማው ካልዞረ ጥርሶቹን ተመልከቱ። ልጓሙ ከልክ በላይ የሚግል ከሆነ ጥርስ የያዘው ጠጠር ወይም ከአቅሙ በላይ የሆነ ሞተር እንዳለ መርምሩ። ስትለኩም ዕቃው ቆሞ ሳለ ብቻ ሳይሆን በሥራ ላይ ሳለ ለኩ፤ ዕረፍት ላይ ያለ ነገር ጉድለቱን አያሳይምና። ከሁሉ በፊት ግን ዕቃው በእጁ ላይ ሳለ የተበላሸበትን ሰው ምን እንዳየ ጠይቁት።

ክቡራን ወላጆች፤ በበዓሉ ቀን በፊታችሁ የምትሮጠው መኪና ይህች ናት። ሪሞቱን የሚይዘው ያው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ይሆናል። አባቱም ተጠርተዋል፤ አርብ ባይሆን እንደሚመጡ ነግረውናል። መምህራችንም በዓሉ ቅዳሜ መሆኑን አረጋግጠውላቸዋል። እኛ በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ጨርሰን ስንወጣ የክበቡን ቍልፍ፥ ቴስተሩንና ካቻቢቴዎቹን ለእርሱና ለጓደኞቹ እናስረክባለን። ትርፍ የሆነው አዲሱ ሞተርም በሳጥኑ ውስጥ አለ፤ ስንቸኩል ያወጣነውን ዋጋ እንዲያስታውስ ሳይገጠም እንዲቀመጥ ወስነናል።